ሽቦ ለብሼ የተቀበልኳቸው ሽማግሌዎች

ስለ ሆዳችን ስናወራ ማንንም አናፍርም። ቆረጠኝ፣ ነፋኝ፣ የበላሁት አልፈጭ አለኝ ብለን ባጃጅ ውስጥ አብሮን ለተሳፈረ ለማናውቀው ሰው እንናገራለን። ስለ ወገባችንና ስለ ጉልበታችንማ አድማጭ ከተገኘ ከቁርስ እስከ ምሳ እናወራለን። ልብ ላይ ስንደርስ ግን ሁላችንም ጭምት እንሆናለን። ልብህ ምን አለ ቢሉን፣ ኧረ ምንም አላለም ነው መልሳችን። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ ያለችው አባት ነው። እሱ በልቡ ያለውን ፊቱ ላይ እንዳያሳይ አገርና ወግ አዘውታል። ቢደሰት ይኮሳተራል፣ ቢከፋውም ይኮሳተራል፤ እንኳን ሌላው ሰው እሱ ራሱም ቆይቶ የትኛው እንደሆነ ይጠፋዋል።

እኔም አንዱ ነበርኩ። ነበርኩ ማለቴ፣ አንድ ሐሙስ ማለዳ የልጄ ትዳር ደረቴ ላይ በተለጠፉ ሽቦዎች ላይ ተንጠልጥሎ ካየሁ በኋላ እንደ ድሮው መኮሳተር ስላቃተኝ ነው።

ስሜ ታደሰ ነው። ነቀምቴ ውስጥ ግን በስሜ ብትጠሩኝ ዞር አልልም፤ ሰው ሁሉ የሚያውቀኝ «ባርሲሳ» በሚለው ነው፣ መምህር ማለት። አባቴ ከጎጃም ለሥራ መጥቶ ጨለለቂ ሰፈር ቤት ሠርቶ ቀረ፤ እኔ ደግሞ ጌጤን አግብቼ ቀረሁ። ሠላሳ አምስት ዓመት አማርኛ ሳስተምር ሁለት ነገሮች ታወቁብኝ። አንደኛው፣ ድርሰት ባጻፍኩ ቁጥር «የሚሰማችሁን ሳትደብቁ፣ ሙሉ አድርጋችሁ ጻፉ» እያልኩ ማደንቆሬ ነው። ሁለተኛው፣ ለማንም አሥር ከአሥር አለመስጠቴ ነው። ዘጠኝ ያገኘ ልጅ ቤቱ ሲደርስ ዶሮ ይታረድለት ነበር ይባላል። አሥር የእግዚአብሔር ድርሻ ነው እላለሁ፤ ጌጤ ግን ስስት ነው ትላለች።

አንዲት ልጃችን ሲምቦ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህርት ናት። ከሁለት ዓመት በፊት ለእሷ ሽማግሌ መጥቶ ነበር። በወጉ አባት በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም፤ ቶሎ እሺ ያለ ልጁ የከበደችው ነው የሚመስለው። ስለዚህ ላማክር አልኩ። እዚያ ላይ ባቆም መልካም ነበር። ነገር ግን መምህር ነኝና አምስት ሰው ጸጥ ብሎ ሲያዳምጠኝ ማሳጠር አይሆንልኝም። ቡሬ ያለው አጎቴ ሳይሰማ የሚሆን ነገር የለም አልኩ፤ አጎቴ ደግሞ ጆሮው ከከዳው ቆይቷል አልኩ። ጾሙን አነሳሁ፣ ክረምቱን አነሳሁ፣ የመንገዱን ነገር አነሳሁ። ሽማግሌዎቹም ባርኔጣቸውን አነሱና ሄዱ፤ ይኸው እስከ ዛሬ እየሄዱ ነው። ደግነቱ ሲምቦ ሰውየውን አትፈልገውም ነበር። በከተማው ግን «ባርሲሳ ልጁን ለማንም አይሰጥም» የሚል ወሬ ሥር ሰደደ።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ጌጤ አጠገቤ ቁጭ አለችና ነገሩን በግልጽ ነገረችኝ። ሲምቦ የምትወደው ሰው አለ፣ ቤተሰቦቹ የጉቴ ከተማ ሰዎች ናቸው፣ በቅርቡ ሽማግሌ ይልካሉ። «አባ ሲምቦ፣ ያንን የቡሬ አጎትህን አሁንም ካመጣኸው ሦስተኛ ሽማግሌ ይህን ደጅ አይረግጥም» አለችኝ። የሰውየውን ስም አልጠየቅኩም። አባት ስም አይጠይቅም፤ ሽማግሌ እስኪነግረው ይጠብቃል። እውነቱን ካወጣሁት ደግሞ፣ ስሙን ከሰማሁ ነገሩ የምር ይሆንብኛል ብዬ ፈርቻለሁ። ማታ ማታ ሲምቦ ከጠረጴዛው ወዲያ ሆና ደብተር ስታርም፣ እኔ ከወዲህ ሆኜ ጋዜጣ የማነብ መስዬ እሷን ማየት ለምጃለሁ። ያ ወንበር ባዶ ሲሆን ምን እንደማይ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ልቤ ጠዋት ጠዋት ያለ ምክንያት ድው ድው ማለት ጀመረ። ጌጤም ይህን ስነግራት የራሷን ክስ ጨመረችበት። ታንኮራፋለህ፣ ከዚያ በድንገት ዝም ትላለህ፣ እስክትተነፍስ ድረስ እኔ ተኝቼ እቆጥራለሁ አለችኝ። መጀመሪያ ካድኩ። አንኮራፋለሁ ብሎ ያመነ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? በኢትዮጵያ ምድር የሚያንኮራፋው ሁልጊዜ ሌላው ሰው ነው። «ስንት ትቆጥሪያለሽ?» ብዬ ብጠይቃት ግን «አንድ ቀን ሃያ ሰባት ደርሻለሁ» አለችና ፊቷን አዞረች። ያኔ ቀልዱን ተውኩት።

ሲምቦ ይህን ስትሰማ ወዲያው ሆስፒታል ካልሄድክ አለች። በከተማችን ካሉት ሆስፒታሎች አንዱ (ማስታወቂያ እንዳይመስልብኝ ስሙን ልተወው) የልብ፣ የሳንባና የእንቅልፍ ምርመራ በአንድ ክፍል መስጠት ጀምሯል። ሌላ ሐኪም ዘንድ ልሂድ ብላት እምቢ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይሁን ብላት እምቢ። እዚያው ክፍል፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ሌላ የለም። ልጄ ለጤናዬ እንዲህ ስትጨነቅ ሳይ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይሄኔ ነው።

ረቡዕ ዕለት የተቀበለኝ ቀጠን ያለ፣ ነጭ ገዋን የለበሰ ወጣት ባለሙያ ነበር። ገና ስገባ ከወንበሩ ተነሣ። እኔ ስቀመጥም አልተቀመጠም። «አከም ቡልተኒ ባርሲሳ፣ ፈያዳ፣ ቤተሰብ ደኅና ነው፣ ሁሉም ሰላም ነው» እያለ ሰላምታውን ሲያስረዝመው፣ በልቤ ይህን ልጅ ያሳደጉት ሰዎች ይባረኩ አልኩ። የዛሬ ወጣት እንዲህ ነው እንዴ? ጉንፋን ይዞት ነው መሰለኝ ግንባሩን አሁንም አሁንም ይጠርጋል።

በሳንባዬ ጀመርን። አንድ ቱቦ አፌ ውስጥ አደረገና በአንድ ትንፋሽ ያለኝን ሁሉ እንዳወጣ አዘዘኝ። ቀላል ነገር መስሎኝ ነበር። ስነፋ ግን አጠገቤ ቆሞ በርቱ፣ በርቱ፣ አሁንም፣ ትንሽ ቀረ፣ እንዳያቆሙ እያለ ያዋክበኛል፤ እኔ ደግሞ ፊቴ ቀልቶ፣ የወንበሩን ጠርዝ ይዤ አምጣለሁ። ሦስት ጊዜ ይህ ተደጋገመ። ላቤን እየጠረግኩ ብቅ ስል፣ ኮሪደሩ ላይ ተራ የሚጠብቁ አንዲት እናት ወንድ ነው ሴት ብለው ጠየቁኝ። ሠላሳ አምስት ዓመት የጠመኔ ብናኝ የተነፈሰ ሳንባ እንደዚያ መንፋቱ ግን አኩርቶኛል።

ቀጥሎ ደረቴን ላጨልኝና ሽቦዎቹን ለጠፈልኝ። ለአንዱ ሽቦ አንድ ይቅርታ፣ ለአንዱ ምላጭ ሁለት ይቅርታ ነው። እየለጠፈም ጥያቄ ይጠይቀኛል። ቶሎ ይቆጣሉ? ያልተጠበቀ እንግዳ ደጅ ሲቆም ልብዎ ይመታል? ከባድ ጉዳይ ሲቀርብልዎ ያዞርዎታል? እንዲህ ጠልቆ የሚጠይቅ ባለሙያ አይቼ አላውቅም። ሐኪም ማለት ይህ ነው ብዬ አንድ በአንድ መለስኩለት።

የሰጠኝ ዕቃ ሁለት ነው። አንዱ እስከ ነገ አራት ሰዓት ድረስ ደረቴ ላይ ሆኖ የልቤን ምት የሚመዘግብ፣ ወገቤ ላይ የሚታሰር ሳጥን ነው። ሁለተኛው ስተኛ የማደርገው፣ አፍንጫዬ ሥር የሚገባ ቀጭን ቱቦና ጣቴን የሚነክስ ቀይ መብራት ያለው መቆንጠጫ ነው፤ እንቅልፌን ይመዘግባል። በመጨረሻ አንዲት ትንሽ ሰማያዊ ደብተር ሰጠኝ። «ልብዎ ሲመታ ይህን ቁልፍ ይጫኑ፤ ከዚያ ሰዓቱን፣ ምን እያደረጉ እንደነበርና የተሰማዎትን ይጻፉ። አደራ ባርሲሳ፣ ሳይደብቁ» አለኝ።

እንዲህ ያለውን ነገር ለድርሰት አስተማሪ ይናገሩታል? ሌላው በሽተኛ «9፡00፣ ደረጃ ወጣሁ» ብሎ ያልፍ ይሆናል። እኔ ግን ማታ ሳይመሽ አምስት ገጽ ሞላሁ። ከጻፍኩት አንዳንዱን አስታውሳለሁ። «ሰባት ሰዓት ተኩል፣ የጌጤን ጨው የለሽ ጎመን በላሁ። ልቤ ምንም አላለም፤ ምላሴ ግን ቅር ብሎታል።» «አሥር ሰዓት ከሩብ፣ ጎረቤቴ አምና የተዋሰኝን መሰላል ግድግዳው ላይ ተደግፎ አየሁት። ልቤ መታ። ተጫንኩ። ስናገር እንደ ንፉግ እንዳልታይ ዝም አልኩ፤ ዝም በማለቴ እንደገና መታ። እንደገና ተጫንኩ።»

ማታ ቱቦዬን አፍንጫዬ ላይ፣ መብራቴን ጣቴ ላይ አድርጌ ጋደም ስል ጌጤ ለብዙ ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ዛሬስ የሚቆጥር ሌላ አለ ብላ ወደ ግድግዳው ዞረች። ከሁለት ደቂቃ በኋላ እንቅልፍ ወሰዳት። ላለፉት ወራት እሷም እንዳልተኛች የገባኝ እዚያ ላይ ነው። ደብተሬን አንስቼ ሰዓቱን ጻፍኩና ስሜቱን ለመጻፍ ቃል አጣሁ፤ በሥራ ዘመኔ የመጀመሪያው ባዶ መስመር እሱ ነው።

ሁለታችንም እንዲህ ጭልጥ ብለን በተኛንበት፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በር ተንኳኳ። ከእንቅልፌ ሳልወጣ ጋቢዬን ደረብኩና ከነቱቦዬ፣ ከነሽቦዬ፣ ከነመብራቴ ሄጄ ከፈትኩ።

አምስት ሰዎች ግቢው ውስጥ ቆመዋል። ሁሉም ኮት ለብሰዋል፣ ጫማቸው ተወልውሏል፣ ከፊት ያሉት ሽማግሌ ከዘራ ይዘዋል። በእኛ አገር ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ ሲመጣ እንደሚቆም ታውቃላችሁ። ግቡ ሲሉት አይገባም፣ ተቀመጡ ሲሉት አይቀመጥም፤ ጉዳያችንን እሺ ካላላችሁን እንደቆምን እንቀራለን ይላል። ባለቤቱ ይለምናል፣ እነሱ እምቢ ይላሉ፤ የነገሩ ጣዕምም እዚያው ላይ ነው። ገና ሳያቸው ማን እንደሆኑ ገባኝ። ወዲያው ፊቴን እንደ ሕጉ አኮሳተርኩ። ለመለመንም ተዘጋጀሁ።

እነሱ ግን ፊቴን አላዩም። አፍንጫዬን ነው ያዩት። ከአፍንጫዬ ወደ ጣቴ፣ ከጣቴ ከጋቢዬ ሥር ወደ ወጡት ሽቦዎች፣ ከሽቦዎቹ ወገቤ ላይ ወዳለው ሳጥን ወረዱ። ከዘራ የያዙት ሽማግሌ፣ ኋላ ስማቸው ኦቦ ዲንቃ መሆኑን ያወቅኩት፣ ባርኔጣቸውን አወለቁና በዝግታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ሳልጋብዛቸው ገቡ። ሳልለምናቸው ተቀመጡ። ነገሩ እንደተበላሸ ያወቅኩት በመቀመጣቸው ነው። ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ እንዲህ በቀላሉ አይቀመጥም፤ በቀላሉ የሚቀመጠው በሽተኛ ጠያቂ ነው።

ምንም አልሆንኩም፣ ለምርመራ ነው አልኩ። ይህን የማይል በሽተኛ የት አለ? ኦቦ ዲንቃ ጉልበቴን መታ መታ አድርገው አይዞዎት አሉኝ። እመኑኝ፣ ደኅና ነኝ፣ ትናንት እንኳ ሳንባዬን ነፍቼ አስደንቄያለሁ አልኩ። አንገታቸውን ደፉ። ደኅና ነኝ ባልኩ ቁጥር ወደ መቃብር አንድ እርምጃ የቀረብኩ ያህል ያዝኑልኛል። እንግዲህ ምን ላድርግ? «ልጄን ልትጠይቁኝ አይደል የመጣችሁት? ታዲያ ጠይቁኛ!» የሚል አባት ከዲዴሳ ወንዝ ወዲህም ወዲያም ተወልዶ አያውቅም። በዘዴ ልጎትታቸው ብዬ፣ በዚህ ማለዳ የመጣችሁበት ሌላ ጉዳይ ካለ እሰማለሁ አልኩ። ኦቦ ዲንቃ ከጤና የሚበልጥ ጉዳይ የለም ብለው ዘጉት። በሽተኛ ቤት ጥያቄ ይዞ መግባት ነውር ነው፤ ሰውየው በነፍሱ ተጨንቆ ሳለ ልጅህን ስጠን አይባልም። ጨዋ ሰዎች መሆናቸው ነው ጉድ ያደረገኝ።

ከመካከላቸው አንዱ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበሩ። ተነሡና እጃቸውን ጫኑልኝ፤ እጃቸው ያረፈው ግን ራሴ ላይ ሳይሆን ወገቤ ላይ ባለው ሳጥን ላይ ነው፣ በሽታው እዚያ ውስጥ ያለ መስሏቸው። በኦሮምኛም በአማርኛም ረዘም ያለ መልካም ጸሎት ጸለዩልኝ። አሜን ብዬ ዓይኔን ስገልጥ፣ ሲምቦ በጓዳው በር ላይ ትሪ ይዛ ቆማለች። ትሪው ላይ የነበረው ምን እንደሆነ አላየሁም። ፊቷን ብቻ ነው ያየሁት። ትንሽ ልጅ ሳለች ፈተና ወድቃ የመጣችበት አንድ ቀን ነበር፤ አላለቀሰችም ነበር፣ ዛሬም አላለቀሰችም። ሽማግሌዎቹ «ዋቅኒ ኢሲን ሃ ፈይሱ፣ እግዜር ይማርዎት» ብለው እየተፈራረቁ ጨበጡኝ። ሄዱም።

በሩ ሲዘጋ ልቤ የመታውን ያህል በሕይወቴ መትቶ አያውቅም። ቁልፉን ተጫንኩ። ደብተሬን አንስቼ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ ቃል በቃል ነው፦

«አንድ ሰዓት ከአሥር። ሽማግሌዎች ልጄን ሊጠይቁ መጥተው፣ ቱቦዬን አይተው ሳይጠይቁ ሄዱ። ልቤ የደነገጠው ስለመጡ አይደለም፣ ስለሄዱ ነው። ቢጠይቁኝ ኖሮ እንደ ወጉ ትንሽ አንገራግሬ እሺ እል ነበር። ሰውየውን አላውቀውም። የምጠላውም እሱን አይደለም፣ ባዶ ወንበሩን ነው። ልጄ የወደደችው ከሆነ ግን ይምጣ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ እዚህ የምጽፈው ቤቴን የማያውቅ ባለሙያ ስለሚያነበው ነው።»

ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ወሬው ሰፈሩን ዞረ። ባርሲሳ በሽቦ ነው ያለው ተባለ። የዕድር ሰዎች መጡ፣ የድሮ ተማሪዎቼ መጡ፣ ፊቴን አይተው የማያውቁ ሰዎች ሳይቀር መጡ። ጎረቤቴ መሰላሌን ተሸክሞ መጣና ግድግዳዬ ላይ አስደግፎት ሄደ። ዓመት ሙሉ ለመጠየቅ ያፈርኩትን ነገር አንድ ቱቦ አስመለሰልኝ። ሲምቦ ግን ወደ ትምህርት ቤት ስትወጣ ደኅና ዋል እንኳ አላለችኝም። የእኔ ጥፋት አልነበረም፤ ግን ከሁለት ዓመት በፊት ያ ሁሉ ንግግር ባይኖር ይህኛው እንዲህ አይከብዳትም ነበር፣ ይህንንም አውቀዋለሁ።

አራት ሰዓት ላይ ሆስፒታል ደርሼ ዕቃዎቹንና ደብተሬን ለዚያ ወጣት አስረከብኩ። ደብተሩን ቆሞ ማንበብ ጀመረ። መሰላሉ ጋ ሲደርስ ፈገግ አለ። ገጽ ገለጠ። ከዚያ ተቀመጠ። አንብቦ ሲጨርስ ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና አነበበ፤ ይቅርታ ባርሲሳ፣ መጣሁ ብሎ ወጣና ፊቱን ታጥቦ ተመለሰ። የምጽፈው ነገር አንባቢ እንደሚነካ ሁሌም እጠረጥር ነበር፤ እንዲህ በዓይኔ ሳየው ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ቆየት ብሎ ዋናው ሐኪም መጥቶ ውጤቱን አስረዳኝ። ልቤ ጤነኛ ነው፣ የሚያዋክበው ሐሳብና በቀን የምጠጣው ስምንት ሲኒ ቡና ነው። ሳንባዬ ጠመኔውን ሁሉ ይቅር ብሎታል። እንቅልፌን በተመለከተ ጌጤ እውነቷን ነው፤ ትንፋሼ ይቆራረጣል። ክብደት ልቀንስ፣ በጎኔ ልተኛ፣ ለክትትል ልመለስ። ከዚያ ሐኪሙ ወረቀቱ ላይ ጣቱን አሳረፈና ጠዋት አንድ ሰዓት ከአሥር ላይ ምን ሆነው ነው ብሎ ጠየቀኝ። አፌን ሳልከፍት ወጣቱ ቀደመኝና «እሱ ችግር የለውም ዶክተር፣ ምክንያቱ ተጽፏል» አለ። ሲሸኘኝም እስከ ዋናው በር አብሮኝ መጣ፤ ባጃጅ አስቆመልኝ፣ በሩ ላይ ሆኖም እጄን በሁለት እጁ ይዞ ቆየ። ለአንድ አዛውንት ጤና ይህን ያህል የሚደሰት ባለሙያ! ማታ ለጌጤ እንዲህ ያለ ልጅ አየሁ ብዬ ሳወራላት ሲምቦን ሰረቅ አድርጋ አየቻት። ሲምቦ ከደብተሯ ቀና አላለችም፤ ግን የምታርምበት እስክሪብቶ ቆሞ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ ማለዳ፣ በር ተንኳኳ። ስከፍት እነዚያው አምስት ሰዎች ናቸው። ግቡ አልኳቸው፤ አንገባም አሉ። ተቀመጡ አልኳቸው፤ አንቀመጥም አሉ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! እስኪበቃኝ ለመንኳቸው። ከብዙ ምልልስ በኋላ ገቡ፤ ኦቦ ዲንቃ ጉሮሯቸውን ጠርገው ለቤታችሁ ልጅ ልንሆን፣ ዘመድ ልንሆን መጥተናል አሉ።

አሁን ትንሽ ማንገራገር ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ጌጤ በዓይኗ አሳጥር እያለችኝ ነው። እኔም ላሳጥር ብዬ ነው የጀመርኩት። አምስቱ ሰዎች ጸጥ ብለው ሲያዳምጡኝ ግን ምላሴ ብቻውን ሄደ፤ ሳላስበው ቡሬ ደርሻለሁ። የአጎቴን ጆሮ ሳነሳ ጌጤ ግንባሯን ያዘች። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞር ብል ግን አንድም የተጨነቀ የለም። ወደ ኋላቸው ተደግፈው፣ ዘፈኑን እንደሚያውቅ ሰው ራሳቸውን እየነቀነቁ ፈገግ ይላሉ። ስጨርስ ኦቦ ዲንቃ መልካም ተናገሩ ባርሲሳ፣ እንደ አባት ነው የተናገሩት አሉና እጃቸውን ኮታቸው ውስጥ ከተቱ። ያወጡት የዓመቱን የቀን መቁጠሪያ ነው። ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉትና ከጥር ጀምሮ የትኛው ሳምንት እንደሚመቸን ጠየቁኝ።

ማን እሺ አለ ብዬ ልቆጣ ስል፣ ለወጉ ያህል የልጃችንን ስም እንንገርዎ አሉኝ። ለሊሳ ይባላል። በሆስፒታሉ የልብ፣ የሳንባና የእንቅልፍ ክፍል ባለሙያ ነው። «እርስዎ ባያውቁትም እሱ ደረትዎን ያውቀዋል» ብለው ሳቁ። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ እኔ የፈራሁት ሰው ለካ ደርሶ፣ ላጭቶኝ፣ ባጃጅ አሳፍሮኝ ነበር።

የቀረውን ሲምቦ አስረዳችኝ። ልቤ እንደሚመታ ስትነግረው፣ ለሊሳ የአባትሽን ልብ ሳላይ ሽማግሌ አልልክም ብሎ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሊመጡ የታሰበው ውጤቱ ከታየ በኋላ፣ ቅዳሜ ነበር። ኦቦ ዲንቃ ግን ሐሙስ ለሌላ ጉዳይ ነቀምቴ መምጣታቸው ስላልቀረ፣ መልካም ነገር አያድርም ብለው ለማንም ሳይናገሩ ቀደሙ። ለሊሳን ስመረምረው ደግሞ ደብተሬ ላይ ካለው አንዲት ቃል ለሰው እንዳልነገረ ማለልኝ፤ የበሽተኛ ምስጢር ነው። ለሽማግሌዎቹ ያላቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የቀን መቁጠሪያ ይዛችሁ ሂዱ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ አባቶች፤ ከእስክሪብቶ ስለወጣው ግን ምንም አላስጠነቀቁኝም።

ወንበሩ አሁን ባዶ አይደለም። እሑድ እሑድ ሁለቱም ይመጣሉ፤ እሷ ደብተሯን ይዛ፣ እሱ የደም ግፊት መለኪያውን ይዞ። ጌጤም በጎኔ ከተኛሁ ወዲህ ከአምስት በላይ ቆጥራ አታውቅም። ያንን ሰማያዊ ደብተር ግን መልስልኝ ብዬ ለሊሳን ብዙ ጊዜ ነዘነዝኩት፤ የሠርጉ ማግስት አመጣልኝ። ለብቻዬ ሆኜ የዚያን ሐሙስ ገጽ ገለጥኩት። ከግርጌው ለሊሳ በቀይ እስክሪብቶ የራይት ምልክት አድርጎበታል፤ ከአጠገቡ አሥር ከአሥር ጽፏል።

እኔ በዕድሜዬ ለማንም አሥር ከአሥር ሰጥቼ አላውቅም። ልጄን ግን ሰጠሁ።